ጅረትን መስፈር

አፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት በግንቦት 1894 ዓ.ም. በተፈራረሙት ውል ውስጥ የኢታንግ ስም ተጽፏል። በኢታንግ አካባቢ፣ በባሮ ወንዝ ዳር፣ ርዝመቱ ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ይላል። ጣቢያው ግን ኋላ የቆመው ከኢታንግ ሽቅብ፣ ጋምቤላ ላይ ነው። ያን ውል ባነበብሁ ቁጥር የሚገርመኝ መሬቱ እስከ ሄክታሩ ሲለካ ጅረቱን ማንም አለመስፈሩ ነው። የሚፈስን ነገር መስፈር አስቸጋሪ ነውና።

አማርኛችን የኤሌክትሪክን ፍሰትም «ጅረት» ይለዋል። ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1882 በኒውዮርክ ፐርል መንገድ ላይ ቀጥተኛ ጅረት መሸጥ ሲጀምር ይኸው ችግር ገጠመው። መላውም ይህ ነበር፦ አብዛኛው ጅረት በአንድ ብረት በኩል ያልፋል፤ ጥቂቱ ብቻ ወደ ጎን ተከፍሎ የዚንክ ዝርግ ብረቶች በተዘፈዘፉበት ብልቃጥ ውስጥ ይሄዳል። የኩባንያው ሠራተኛ በየጊዜው መጥቶ ብረቶቹን ወስዶ ይመዝናል፤ ሒሳቡም በክብደታቸው ለውጥ ይሠራል። ደንበኛው ከመክፈል በቀር የሚያየው ነገር አልነበረም።

አብዛኛውን ጅረት የሚያሳልፈው ያ ብረት ሻንት ይባላል (ፊደሉን አደራ፣ አሳስታችሁ እንዳታነቡት)። ኤድዋርድ ዌስተን በዚያው ምዕት ዓመት ማብቂያ ገደማ መዳብን፣ ማንጋኒዝንና ኒኬልን አዋሕዶ ማንጋኒን የተባለውን ቅይጥ አበጀ፤ ሲሞቅ ተቃውሞው እምብዛም ስለማይለወጥ ለሻንት ተመራጭ ሆነ።

ይህ የጥንት ነገር እንዳይመስላችሁ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ጉዳዩ የእኛም ሆኗል። ፈጣን ባትሪ መሙያ ከመስመሩ የተቀበለውን ተለዋዋጭ ጅረት ወደ ቀጥተኛ ቀይሮ ለመኪናው ይሰጣል፤ ሲቀይር ከኃይሉ ጥቂቱ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ቆጣሪው ከመቀየሪያው በፊት ከተተከለ የጠፋውን የሚከፍለው ገዢው ነው። በኋላ ከተተከለ ደግሞ ተራ የመለኪያ ትራንስፎርመር አይሠራም፤ እርሱ የሚያውቀው የሚለዋወጥን ጅረት ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ሻንት እንመለሳለን፦ 200 አምፔር በ100 ማይክሮ ኦም ሲያልፍ 20 ሚሊቮልት ይወልዳል፤ ከዚያች ኢምንት ቮልት ጅረቱ ይሰላል። ብረቱም 4 ዋት ያህል ይሞቃል። የአንድ በመቶ ስሕተት በ50 ኪሎዋት ሰዓት ላይ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ለአንድ ሰው ትንሽ፣ ቀኑን ሙሉ ለሚሸጥ ግን ብዙ።

እኔ እንግዲህ ባሮ ዳር ባትሪ መሙያ ሲተከል ከዋጋው አስቀድሜ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ቆጣሪው ከመቀየሪያው ወዲያ ነው ወይስ ወዲህ? ሻንቱንስ የመረመረው ማን ነው?