ብልጭ ድርግም የሚለው የገና መብራት ታሪክ

ከታንክስጊቪንግ ማግስት ጀምሮ የአሜሪካ ቤት ጣሪያው፣ አጥሩና ዛፉ ሁሉ ብልጭ ድርግም ይላል። ለመሆኑ ይህን ማን ጀመረው? አምፖሎቹንስ በየተራ የሚያበራና የሚያጠፋ ምንድን ነው? (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቀድሞ የገና ዛፍ የሚበራው በሻማ ነበር። በደረቀ ጥድ ላይ ሻማ መለኮስ ምን እንደሚያስከትል ለአንባቢ መንገር አያሻም። በ1882 ዲሴምበር ወር የቶማስ ኤዲሰን የሥራ ባልደረባ የነበረው ኤድዋርድ ጆንሰን፣ ኒውዮርክ በሚገኘው ቤቱ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ የሆኑ 80 ትናንሽ አምፖሎችን በሽቦ አያይዞ ዛፍ ላይ ሰቀለ። ኤዲሰን በዚያው ከተማ የኤሌክትሪክ ጣቢያውን ሥራ ካስጀመረ ገና አራት ወር አልሞላውም ነበር።

የጆንሰን ዛፍ ዝም ብሎ የሚበራ አልነበረም። በሞተር ኃይል በደቂቃ 6 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ሲዞርም ወደ አንዱ ረድፍ የሚሄደውን መስመር እያቋረጠ ለሌላው ያገናኛል። መጀመሪያ ነጩ ብቻ፣ ቀጥሎ ቀይና ነጩ፣ እንዲህ እያለ ይቀያየራል። እንግዲህ ብልጭ ድርግሙ ኋላ የተጨመረ ጌጥ ሳይሆን ከኤሌክትሪኩ ዛፍ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ከዚያ ወዲህ የተለወጠው መስመሩን የሚቆርጠው ዕቃ ብቻ ነው።

ተገጣጥሞ ያለቀ የመብራት ሐረግ ገበያ ላይ የዋለው በ1903 ነው። ለብዙ ዓመታት የተለመደው 8 አምፖል ያለው ነበር። እያንዳንዱ አምፖል 15 ቮልት ይወስዳል፤ ስምንቱ ተቀጣጥለው የቤቱን 120 ቮልት ይካፈሉታል። ችግሩ አንዱ ሲቃጠል ሁሉም ይጠፋሉ፤ ስንቱ አባወራ የበዓል ዋዜማውን አምፖል ሲፈታና ሲያስር እንዳሳለፈ እግዜር ይወቀው። ሆኖም ይኸው ጉድለት ለብልጭታው ጠቀመ። በአንዱ አምፖል ውስጥ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተጣብቀው ይቀመጣሉ፤ ሲግሉ አንደኛው ከሌላው ይበልጥ ስለሚለጠጥ ጎበጥ ብለው መስመሩን ይቆርጣሉ፣ ሲበርዱ ይመለሳሉ። አንዱ ሲጠፋ ሁሉም አብሮ ስለሚጠፋ አንድ እንዲህ ያለ አምፖል ለመላው ሐረግ ይበቃል።

ከዚያ ኤሌክትሮኒክስ መጣ። በ1971 የስዊስ ተወላጁ መሐንዲስ ሃንስ ካመንዚንድ 555 የተባለችውን ቺፕ ነደፈ፤ በዓመቱ ለገበያ ቀረበች። ስምንት እግር ያላት፣ ከጥፍር የማትበልጥ ነገር ናት። ሥራዋም ቀላል ነው፦ ካፓሲተሩ በሬዚስተር በኩል እየሞላ ከባትሪው ቮልት ሁለት ሦስተኛው ሲደርስ ታፈሰዋለች፣ አንድ ሦስተኛው ላይ ሲወርድ እንደገና እንዲሞላ ትለቀዋለች። ባለ 10 ሺህና ባለ 68 ሺህ ኦም ሬዚስተሮች ከ10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጋር ቢገጠሙ በሴኮንድ አንድ ጊዜ ያህል ትመታለች። ካፓሲተሩን ወደ 1 ማይክሮፋራድ ዝቅ ማድረግ ፍጥነቱን አሥር እጥፍ ያደርገዋል። ይህን ምት 4017 ለተባለ ቆጣሪ ቺፕ ሲሰጡት አሥር መውጫዎቹን በየተራ ያበራል፤ በእያንዳንዱ ላይ ባለ 1 ሺህ ኦም ሬዚስተርና አንድ ኤል ኢ ዲ ቢሰካ መብራቱ የሚሯሯጥ ይመስላል። ለዚህ ሁሉ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ይበቃል፤ ከግድግዳው ኤሌክትሪክ ጋር መታገል የለም። የጆንሰንን ሞተር አስቡትና አወዳድሩት።

ለእኛ ወገን ደግሞ ሌላም ጥቅም አለው፦ ዲሴምበር 25 ሲያልፍ የመብራቱ ዋጋ ይወርዳል፤ የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነውና ረክሶ ይደርስልናል። ነገር ግን ሻንጣ ውስጥ ከትቶ አገር ቤት ለሚልክ ሰው አንድ ነገር አለ። የአሜሪካው ሐረግ የተሠራው ለ120 ቮልት ሲሆን የአዲስ አበባው ሶኬት 220 ነው። መሰኪያው ላይ ያለው ጽሑፍ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ይሠራል፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግን ያለ ትራንስፎርመር በተሰካ ቅጽበት ይቃጠላል።