የጎራዴው እጀታ

ደብረ ታቦር አውራሪስ ኖሮባት አያውቅም። ከጉና ሥር ያለው አገር ብርድ፣ ገብስና ባቄላ ነው፤ አውራሪስ ደግሞ የቆላ ግራርና የጭቃ አውሬ ነው። ሆኖም ከተማዋ የመሳፍንት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን፣ ራስ ጉግሣ ከቆረቆሯት ጀምሮ እስከ ራስ ዓሊና እስከ አፄ ቴዎድሮስ ድረስ፣ አዳራሹ አውራሪስ ጠፍቶበት አያውቅም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሹሙ በቀኝ ጎኑ የታጠቀው ጎራዴ እጀታው የአውራሪስ ቀንድ ነው። የትልቅ ሰው የጠጅ ዋንጫም አንዳንዴ ከዚሁ ቀንድ የተቦረቦረ ነበር። የደጋው ሰው ቀንዱን በእጁ ጨብጦ ኖረ፤ አውሬውን ግን በዓይኑ ያየው ጥቂት ነው።

ቀንዱ እንዲህ የተፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። የበሬ ቀንድ ውስጡ አጥንት ያለበት ሽፋን ነው፤ የአውራሪስ ግን ጥፍርና ፀጉር ከሚሠሩበት ነገር የተጠቀጠቀ ድፍን ነው። ባለእጁ እንደ ጥሩ እንጨት ይጠርበዋል፣ ይፍቀዋል፣ ይወለውለዋል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የብዙው ጎራዴ ስለት ከባሕር ማዶ የመጣ ነበር፤ እጀታው ግን እዚሁ ተጠርቦ ይገጠማል። ስለዚህ የአንድን ጎራዴ አገር የሚናገረው ብረቱ ሳይሆን መጨበጫው ነው። በዚህም ቀንዱ ክብር ሆነ። ጌታ ለሎሌው፣ ንጉሥ ለሹሙ የሚሸልመው ነገር ውስጥ ገባ፤ ከአባት ወደ ልጅም ተላለፈ።

ስለዚህ ሙያ በደንብ ከጻፉት አንዱ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ ጎንደር የገባው እ.ኤ.አ. በ1770 ሲሆን፣ የራስ ሚካኤል ስሑልንና የወጣቱን አፄ ተክለ ሃይማኖትን ቤተ መንግሥት በቅርብ አየ። በሐበሻ አገር የጩቤ እጀታ ሁሉ ከአውራሪስ ቀንድ እንደሚሠራ፣ ቀንዱም ሲደርቅና ሙቀት ሲነካው እንደሚሰነጠቅ በመጽሐፉ አስፍሯል። ንጉሡ በሱዳን ጠረፍ ባለው ራስ አል ፊል በተባለው ቆላ ላይ በስም ሾመውት ነበር። ብሩስ ወደ አገሩ ለመመለስ ከጎንደር የወጣው በዚያው በኩል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1772 መባቻ ላይ ጨርቂን በተባለ ስፍራ የወይዘሮ አስቴር ልጅ ክንፉ ተቀብሎ አደን አወጣው። ወይዘሮ አስቴር የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ፣ የራስ ሚካኤልም ሚስት ናቸው፤ ክንፉ ከቀድሞ ባላቸው የወለዱት ነው። የአዳኞቹ ስልት ብሩስን አስደንቆታል። በአንድ ፈረስ ሁለት ሰው ራቁቱን ይቀመጣል። የፊተኛው ፈረሱን እየነዳ አውሬውን ያበሳጫል፤ የኋለኛው ጎራዴውን ይዞ ይዘልና የአውሬውን የቋንጃ ጅማት ይቆርጣል። ዝሆንም አውራሪስም በዚህ ይወድቁ ነበር። ልብስ ያወለቁት ቁጥቋጦ እንዳይዛቸው ነው። እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ፦ አውራሪስ የሚታረደው በጎራዴ ነው፤ የጎራዴው መጨበጫም የሌላ አውራሪስ ቀንድ ነው።

ብሩስ አምስት ቅጽ የሆነውን የጉዞ መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1790 ሲያሳትም የአውራሪስ ሥዕል ጨመረበት። ሥዕሉ ግን ያየው የአፍሪካ አውራሪስ አልነበረም። ፈረንሳዊው ቡፎን ካሳተመው ባለ አንድ ቀንድ የህንድ አውራሪስ ላይ፣ ቆዳው እንደ ጥሩር የተጣጠፈውን፣ ተቀድቶ ሁለተኛ ቀንድ ብቻ ተጨምሮለታል። በአካል አድኖ፣ በመጽሐፍ የሌላ አገር አውሬ ማሳየት! ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1842 ሌሰን የተባለ የፈረንሳይ ተፈጥሮ አጥኚ የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካን ጥቁር አውራሪስ በብሩስ ስም ሰየመው፤ እስካሁንም በሳይንስ ብሩኪ ተብሎ ይጠራል።

ደቡብ ጎንደር በዚህ ነገር ውስጥ ያላት ድርሻ የገበያና የግቢ ነው። ከግቤ ማዶ ተነስቶ ጎጃምን የሚያቋርጠው ሲራራ ንግድ የጣናን ምሥራቅ ዳርቻ ይዞ ይወጣ ነበር። ቆራጣ፣ ይፋግና ደሪጣ የነጋዴ ስፍራዎች ነበሩ፤ ይፋግ ላይ ኬላ ነበር፣ ደሪጣ ደግሞ የሙስሊም ነጋዴዎች መንደር ናት። ወርቅ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቡና፣ ክፉውም ነገር፣ ባሪያ፣ በዚህ መንገድ ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ያልፋል። የአውራሪስ ቀንድም ከዝሆን ጥርሱ ጋር ወደ ባሕር ይወርዳል። ከባሕሩ ማዶ ያሉት የየመን ሰዎች ከሐበሻው የተለየ ጣዕም አልነበራቸውም፤ እነሱም ጀንቢያ የሚሉትን ጩቤ እጀታ ከዚሁ ቀንድ መሥራት ይወዱ ነበር።

ከደብረ ታቦር ጌቶች ውስጥ የቆላውን አገር እንደ ቤቱ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም የቋራው ካሳ ነው። ካሳ ኃይሉ የሸፈተው፣ ሠራዊት ያበጀውና ከግብፅ ወታደር ጋር የተዋጋው አውራሪስ በሚውልበት ቆላ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ከተባለ በኋላ ደብረ ታቦርን መቀመጫው፣ ጋፋትን የብረት ማቅለጫው አደረገ። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የፈሰሰው እዚያ ነው። በእንግሊዞች ዘመቻ ዋዜማ፣ እ.ኤ.አ. በ1867፣ ከተማዋን አቃጥሎ መድፉን እያስጎተተ ወደ መቅደላ ሄደ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ፣ ከታቦቱና ከብራናው ጋር ጎራዴና ዋንጫም ተዘረፈ።

በዚያው ዓመት ሌላም ምርኮ ወደ ለንደን እየተጓዘ ነበር። ከሱዳኗ ከሰላ አካባቢ የተያዘ ጥቁር አውራሪስ በጣሊያናዊው የእንስሳት ነጋዴ በካዛኖቫና በጀርመናዊው በሃገንቤክ እጅ አልፎ፣ መቅደላ ከወደቀች ከአምስት ወር በኋላ ለንደን የአራዊት ማቆያ ገባ። አዲስ ገበያ ተከፍቶ ነበር፤ አሁን የሚፈለገው ቀንዱ ብቻ ሳይሆን ጥጃውም ጭምር ነው። ጥጃ ለመያዝ ደግሞ እናቱን መግደል የተለመደ ነበር። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1862፣ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ሐምራን ከተባሉ የአረብ አዳኞች ጋር በሰቲትና በአንገረብ ወንዞች ዳር ሲያድን ከርሟል። አንገረብ የሚነሳው ከጎንደር ደጋ ነው፤ ሐምራኖቹም ያው የብሩስ ዘመን ስልት፣ ፈረስና ጎራዴ ነበራቸው።

በፈረስና በጎራዴ ብቻ ቢሆን ምናልባት አውሬው በዘለቀ። ጠመንጃው ሲበዛ ግን አልቻለም። የጥቁር አውራሪስ ሴት አሥራ አምስት ወር ታረግዛለች፣ አንድ ትወልዳለች፣ እስክትደግም ሁለት ዓመት ተኩል፣ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አራት ዓመት ይሄዳል። ሰው በዓመት ጥቂት ቢገድል እንኳ የሚተካ የለም። የብሩስ ስም የተሰጠው አውራሪስ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግድም ከምድር ጠፋ ተብሎ ይታሰባል። በደቡብ ኢትዮጵያ ቆላ የነበሩት ሌሎች ጥቁር አውራሪሶች ዘግይተው ጠፉ፤ ዛሬ በኢትዮጵያ ዱር የሚኖር አውራሪስ አይታወቅም።

አውሬን ለማዳን የመጣ እንግዳ በጎንደር ተራሮች የታየው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው አዋጅ አደንን በፈቃድ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1963 ጁሊያን ሃክስሌይ የመሩት የዩኔስኮ ቡድን አገሩን ዞሮ ፓርኮች እንዲከለሉ መከረ። የዱር እንስሳት ጥበቃ ድርጅት ተቋቋመ፤ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶችም፣ አብዛኞቹ መምህራን ቢሆኑም፣ በኋላ ጥቂቶቹ ለዱር እንስሳት ሥራ ተመደቡ። የዌልሱ ተወላጅ ሲ. ደብሊው. ኒኮል እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1969 ስሜንን ፓርክ ለማድረግ ሲሠራ ቆይቶ ተስፋ ቆርጦ ሄደ። ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1977 የፓርኩ ኃላፊ ነበር። በስሜን የሠሩት የመጡት ለዋልያ ነው፤ ዋልያ ገደል ስለነበረው ቆይቷቸዋል። ወደ ቋራ ለአውራሪስ የመጣ አልነበረም፤ ቢመጣም የሚያገኘው ዱካ እንኳ አልነበረም።

ለአውራሪስ የሚዘምተው ዓለም አቀፍ በጎ ፈቃደኛ መዳረሻው ኬንያና ደቡብ አፍሪካ የሆነው ለዚህ ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1970 ሃያ ሺህ ያህል ጥቁር አውራሪስ እንደነበራት ይነገራል፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ቁጥሩ ወደ አራት መቶ ወርዶ ነበር። ከቀንዱ ብዙው በዚያ ጊዜ የሚሄደው ወደ የመን ነው፤ በሳዑዲ ሠርተው ገንዘብ የያዙ የመናውያን አባቶቻቸው የተመኙትን እጀታ መግዛት ቻሉ። ሰሜን የመን ቀንድ ማስገባትን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። በዓመቱ፣ በ1983፣ አና ሜርዝ የተባለች እንግሊዛዊት በኬንያ ሌዋ፣ በክሬግ ቤተሰብ መሬት ላይ የአውራሪስ መጠለያ አቋቋመች። የራሷን ገንዘብ አወጣች፣ አጥርና ጠባቂ አሰማራች፣ እናቷ የተወቻትን ሳሚያ የተባለች ጥጃም ጡጦ እያጠባች አሳደገች።

ሥራው ከሩቅ ሲያዩት የሚያስቀና ይመስላል፤ ከቅርብ ግን አድካሚ ነው። የሙት ልጅ ጥጃ በየጥቂት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ወተት ይፈልጋል፤ የአውራሪስ ወተት ቅባቱ ትንሽ ስለሆነ የሚሰጠውም ቅባቱ የወጣለት ወተት ነው። ጭቃ ካልተቀባ ፀሐይና ነፍሳት ይጎዱታል። ከሁሉ የሚያስቸግረው መመለሱ ነው። ጥቁር አውራሪስ ጎረቤቱን የሚያውቀው በማሽተት ስለሆነ፣ ጠባቂዎች ጥጃውን የዱር አውራሪሶች ፋንድያ ወደሚጥሉበት ቦታ ደጋግመው ይወስዱታል፤ ነባሮቹ ሽታውን ካልለመዱ ወግተው ይገድሉታል። ይህ ዓመታት ይፈጃል። ለሁለት ሳምንት ከአውሮፓ የሚመጣ ወጣት በዚህ ውስጥ የሚያገኘው ድርሻ አጥር መጠገን፣ በረት መጥረግ፣ ካሜራ መትከልና መቁጠር ነው። ከጉልበቱ ይልቅ የሚከፍለው ገንዘብ ይጠቅማል ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ ሌሊቱን ከጥጃው ጋር የሚያድሩት የአገሩ ልጆች ናቸው።

ወደ ጎንደር ቆላ አውራሪስ መመለስ ይቻል ይሆን? በቋራ ወረዳ ከሱዳኑ ዲንደር ጋር የሚዋሰነው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1998 ዓ.ም. ተከልሏል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሃንስ ባወር የተባለ ተመራማሪ በቦርን ፍሪ ድርጅት ድጋፍ ባደረገው ፍለጋ አንበሳ በካሜራ ተነስቶ በዚያ መኖሩ ተረጋገጠ፤ ዓለም ይህን አንበሳ ረስቶት ነበር። ነገር ግን አውራሪስ አምጥቶ መልቀቅ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ከደቡብ አፍሪካ ወደ ቻድ ዛኩማ ፓርክ ከተወሰዱት ስድስት ጥቁር አውራሪሶች አራቱ በወራት ውስጥ ሞቱ። የገደላቸው አዳኝ አልነበረም፤ አዲሱን መኖ ባለመልመዳቸው ከሱ። ዛኩማ የሠለጠነ ጥበቃ አለው፤ ጦርነት በቀረበው ጠረፍ ላይ ያለው አልጣሽ እዚያ ደረጃ ላይ አይደለም።

ከሰሜኑ አውራሪስ የቀረው እንግዲህ ቀንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት በየሙዚየሙ የተቀመጡ የድሮ ቅሪቶችን ከዛሬዎቹ ጋር አስተያይቶ፣ ጥቁር አውራሪስ በእናት በኩል ከሚወረሰው የዘር ልዩነት 69 በመቶውን ማጣቱን አሳይቷል። እንዲህ ያለ ምርመራ ከቀንድ ፍቅፋቂም ሊሠራ ይችላል። በጎንደርና በደብረ ታቦር ዙሪያ በአንዳንድ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ በአንዳንድ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የተቀመጠ የአባት ጎራዴ እጀታው የዚያ አውሬ ሊሆን ይችላል፤ መዝግቦ የያዘው ግን አይገኝም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1989 የገባችበት ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎች ንግድ ስምምነት እንዲህ ያለው ዕቃ፣ አሮጌም ቢሆን፣ ያለ ፈቃድ ድንበር እንዳይሻገር ይከለክላል። ስለዚህ የአያቱን ጎራዴ ይዞ ወደ ውጭ ሊወጣ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ዱር እንስሳት ባለሥልጣን ቢሮ ነው።