የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት፦ ዓባይ በረሃ ከመውረድ በፊት

የሞተር ዘይት ሲጎድል መብራት ይበራል። ለነዳጅም ለሙቀትም ጌጅ አለ። የካምቢዮ ዘይት ሲያልቅ ግን የሚናገር የለም። ይህን የተማርኩት በ2001 ዓ.ም. ክረምት ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ፣ ደጀንን አልፌ ወደ ዓባይ በረሃ በመውረድ ላይ ሳለሁ ነው።

መኪናዬ እኛ አገር «ዲኤክስ» የምንላት፣ በኋላ ጎማ የምትነዳ አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ናት። በሁለተኛ ማርሽ ይዤ እየወረድኩ ሳለ ማርሹ ድንገት ዘልሎ ወጣ። መኪናዋ ዜሮ ማርሽ ላይ ቀረች፤ ሞተሩ መያዙን ተወና ሸክሙ በሙሉ ፍሬን ላይ ወደቀ። ኋላ ወንበር ላይ እናቴና ሁለት ልጆች ተቀምጠዋል። ደግነቱ ቁልቁለቱን ገና መጀመራችን ስለነበር ፍሬኑ አልጋለም። በተራራው በኩል ጥግ ይዤ ቆምኩ፤ የእጅ ፍሬን ስቤ ከጎማው ሥር ድንጋይ አደረግን።

ከደጀን የመጣው መካኒክ ከሥር ገብቶ የካምቢዮውን የመሙያ ቡሎን ፈታና ጣቱን አስገባ። ያወጣው ደረቅ ጣት ነበር። የኋላው ፓራዮሊዮ አልቆ ዘይቱ ለወራት ሲንጠባጠብ ኖሯል። ከሦስት ወር በፊት ሰርቪስ ያደረገልኝ ጋራዥ በሰጠኝ ደረሰኝ ላይ ግን «የካምቢዮ ዘይት ታይቷል» የሚል ተጽፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህን ሥራ በገዛ እጄ ነው የምሠራው።

ጎሃ ጽዮንና ደጀን ከባህር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ ያለበት የወንዙ ሸለቆ ግን 1,000 ሜትር አካባቢ ነው። ይህን ሁሉ ቁልቁለት በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሹፌር ፍሬኑን ያቃጥላል። የሚይዘን ማርሽ ነው። ማርሹን ከመበላት የሚጠብቀው ደግሞ ማንም የማያየው ሁለት ሊትር ያህል ዘይት ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ይበልጥ ያሳስባል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰቀለው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። በእጃችን ያለው ካምቢዮ ከተበላ ምትኩን ማግኘት ከባድ ነው ማለት ነው።

ካምቢዮ ሌላ፣ ዲፈረንሻል ሌላ

በኋላ ጎማ የሚነዱ መኪኖች፣ ፒክአፖችና ላንድክሩዘሮች ካምቢዮአቸውና ዲፈረንሻላቸው የተለያዩ ስለሆኑ ሁለት ዓይነት ዘይት ሊፈልጉ ይችላሉ። ብዙዎቹ የስፖርት መኪኖችም እንዲሁ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1987 የተመረተችው ዝነኛዋ ኮሮላ ሌቪን ሌሎቹ ኮሮላዎች ወደ ፊት ጎማ ሲዞሩ በኋላ ጎማ መነዳቷን ቀጥላለች፤ ስለዚህ ከሥር ለሚያያት ሰው ከዲኤክስ ብዙ አትርቅም። በፊት ጎማ የሚነዱት የዛሬዎቹ ኮሮላና ያሪስ ባለ ማርሽ ከሆኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዲፈረንሻሉ ካምቢዮው ውስጥ ስለሆነ አንድ ዘይት ለሁለቱም ይበቃል።

በዲፈረንሻል ውስጥ ያለችው ፒኞን ኮሮናውን የምትገፋው ከመሀሉ ዝቅ ብላ ነው። ጥርሶቹ ስለዚህ መገፋፋት ብቻ ሳይሆን አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተተ ይፋተጋሉ። ተራ ዘይት ይህን ጫና አይችልም፤ ከመሀል ተጨምቆ ይወጣል። የዲፈረንሻል ዘይት ድኝና ፎስፈረስ ያለበት ቅመም የሚጨመርበት ለዚህ ነው፤ ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታውም ከድኙ የመጣ ነው። ቅመሙ በሚግለው ብረት ላይ ስስ ሽፋን ይሠራና ከጥርሱ ይልቅ ሽፋኑ ይበላል።

ጂ ኤል 4 ወይስ ጂ ኤል 5?

በቆርቆሮው ላይ ሁለት ነገር ያንብቡ። «75ደብሊው-90» ወይም «80ደብሊው-90» የሚለው ውፍረቱን ይነግራል። የመጀመሪያው ቁጥር ዝቅ ባለ መጠን ዘይቱ በብርድ ይቀጥናል። በኅዳርና በታኅሣሥ ደብረ ማርቆስ ላይ ጠዋት ሁለተኛ ማርሽ አልገባ ካለና ሲሞቅ ከተስተካከለ አንዱ ምክንያት የወፈረ ዘይት ሊሆን ይችላል።

«ጂ ኤል» የሚለው ደግሞ የቅመሙን ብርታት ያሳያል። ጂ ኤል 5 ለዲፈረንሻል የተሠራ ሲሆን ቅመሙ ከጂ ኤል 4 በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። «ከበረታ ይሻላል» ብሎ ካምቢዮ ውስጥ መጨመር ግን ስህተት ነው። በካምቢዮ ውስጥ ማርሽ ስንቀይር ፍጥነቱን የሚያስተካክሉ የናስ ቀለበቶች አሉ። ቀለበቶቹ ሥራቸውን የሚሠሩት በመጠኑ ሲፋተጉ ነው። ጂ ኤል 5 ሊያሙለጨልጫቸው ይችላል፤ በአሮጌ ካምቢዮ ላይ ደግሞ ቅመሙ ናሱን ሊበላው ይችላል። የመኪናው መመሪያ ሁለቱንም ከፈቀደ ችግር የለም። ጂ ኤል 4 ብቻ ካለ ግን እሱኑ ይፈልጉ። የስፖርት መኪናዎ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች አንድ ላይ የሚይዝ ልዩ ዲፈረንሻል ካለው የራሱ ዓይነት ዘይት አለው።

አቀያየሩ

መኪናውን 20 ደቂቃ ያህል ነድተው ዘይቱን ያሙቁ። ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙ። በጋራዥ ጉድጓድ ላይ መሥራት ከሁሉ ይሻላል። በክሪክ ካነሱ ግን በክሪክ ብቻ ተማምነው ከሥር አይግቡ፤ የብረት ማቆሚያ ያድርጉ፣ ጎማውንም ይደግፉ። ብሎኬት ድንገት ስለሚፈረካከስ ማቆሚያ አይሆንም። ዘይቱን ሲሞሉ መኪናው ከፊትም ከኋላም እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለበት።

ከሁሉ አስቀድመው የሚፈቱት የመሙያውን ቡሎን ነው፤ በጎን በኩል ያለው ነው። መጀመሪያ አፍስሰው ከዚያ መሙያው አልፈታ ካለ መኪናው ያለ ዘይት እዚያው ይቀራል። መሙያው መፈታቱን ሲያረጋግጡ የታችኛውን የማፍሰሻ ቡሎን ይፍቱ፤ እስኪንጠባጠብ ይጠብቁ። ቡሎኑን ጠርገው በአዲስ ሮንዴላ መልሰው ያጥብቁ። በክንድ ኃይል ጥሩ አድርጎ መሳብ ይበቃል፤ ቁልፉን በእግር መርገጥ የካምቢዮውን አልሙኒየም ይሰነጥቃል።

አዲሱን ዘይት በትልቅ መርፌ ወይም ከላይ በሚወርድ ቱቦና ማንቆርቆሪያ ይሙሉ። አብዛኞቹ መኪኖች የሚሞሉት ዘይቱ ከመሙያው ቀዳዳ ከንፈር ላይ መፍሰስ እስኪጀምር ድረስ ነው። ዲፈረንሻሉንም በዚሁ መንገድ ያድርጉ። በማግሥቱ ከሥር ጎንበስ ብለው የሚያንጠባጥብ ነገር መኖሩን ይዩ።

የፈሰሰው ዘይት የሚናገረው

በማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ላይ እንደ ቅባት የላመ ግራጫ የብረት ዱቄት ቢያዩ አይደንግጡ፤ የዕድሜ ነው። በጣት የሚያዝ ስባሪ ካለ ግን ጥርስ ወይም ኩሽኔታ እየተሰበረ ነው። እንደ ወርቅ የሚያብለጨልጭ ደቃቅ ነገር የናሶቹ ቀለበቶች ነው።

ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውኃ ገብቷል። ይህ በእኛ አካባቢ በክረምት የሚመጣ ጣጣ ነው። ከጮቄ ተራራ የሚወርዱትን ወንዞች የሚሻገር መኪና የጋለ ዲፈረንሻሉን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይነክራል። ውስጡ ያለው አየር ድንገት ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ውኃውን በመተንፈሻው ወይም በፓራዮሊዮው በኩል ይስባል። ጥልቅ ውኃ ከተሻገሩ በኋላ ኪሎ ሜትር ሳይቆጥሩ ዘይቱን ይመርምሩ።

በተረፈ ብዙ መመሪያዎች ከ40 ሺህ እስከ 80 ሺህ ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ውስጥ ይቀየር ይላሉ። ለአቧራ፣ ለጭነትና ለዳገት መንገድ እኔ ከዝቅተኛው ቁጥር በታች ብሆን እመርጣለሁ።

የወጣውን ዘይት በጀሪካን አጠራቅመው ለሚሰበስብ ጋራዥ ይስጡ። ቦይ ውስጥ የተደፋ ዘይት መጨረሻው ወንዝ ነው፤ ከታች ደግሞ ከብት የሚያጠጣና ልብስ የሚያጥብ ሰው አለ።

ጊዜ ከሌለዎትና ለመካኒክ ከሰጡ አጠገቡ ይቁሙ። መሙያውን ፍታልኝ፣ ጣትህን አስገባና አሳየኝ ይበሉ፤ አያፍሩ። እናቴ ከዚያ ቀን በኋላ መኪና ውስጥ ከመግባቷ በፊት «የታችኛውን ዘይት አየኸው?» ማለት ልማዷ ሆኗል። እኔም ከሥር ሳልገባ «አዎ» ብያት አላውቅም።