ከሞጆ እስከ ሐዋሳ መናኸሪያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሐዋሳ መናኸሪያ የሚወርድ መንገደኛ፣ ከሞጆ ጀምሮ የተጓዘው በአንድ ትልቅ የምድር ስንጥቅ ውስጥ መሆኑን ረዳቱ አይነግረውም። ዝዋይ፣ ላንጋኖ እያለ በመስኮት የሚያያቸው ሐይቆች የተኙት በዚሁ ስንጥቅ ወለል ላይ ነው። የምድር ቅርፊት አንድ ወጥ አይደለምና። ግዙፍ ንጣፎች የተገጣጠሙበት ነው። በስምጥ ሸለቆው ምዕራብ ያለው የኑቢያ፣ በምሥራቅ ያለው ደግሞ የሶማሊያ ንጣፍ ይባላል፤ በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይራራቃሉ።

ይህ ጥፍራችን በሁለት ወር ከሚያድገው ያነሰ ነው። ታዲያ ምን ያስፈራል? ቢሉ፣ ምድር ውጥረቱን ለዓመታት አጠራቅማ በአንድ ቀን ልትለቀው መቻሏ ነው። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. ላንጋኖ አካባቢ የተነሣው ርዕደ መሬት መጠኑ ከ6.5 በላይ ነበር፤ የአፄ ምኒልክን አዲስ አበባ ሳይቀር አናውጧል። ይህን የመሰለውን ታሪክ ከዜና መዋዕልና ከተጓዦች ማስታወሻ ለቃቅመው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ ያወጡልን የአዲስ አበባውን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ያቋቋሙት ካናዳዊው ቄስ ፒየር ጉዌን ናቸው። የእኛ ሽማግሌዎች የነገሩንን የባዕድ አገር ሰው ባይሰበስብልን ኖሮ ስንቱ በቀረ ነበር!

ልብ በሉ፤ በ1898 ሐዋሳ የምትባል ከተማ አልነበረችም። የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ነው። በዓመቱ፣ በ1953፣ የካራቆሬው ርዕደ መሬት ማጀቴን አፈራረሰ። በመስከረም 1998 ደግሞ አፋር ውስጥ ዳባሁ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት በሳምንታት ውስጥ ተከፈተ፤ ስፋቱ እስከ 8 ሜትር ይደርስ ነበር። በ2017 የፈንታሌ አካባቢ ነዋሪ ቤቱን ጥሎ ተሰደደ።

ሐዋሳ ከእነዚህ ሁሉ የተለየች አይደለችም። እንዲያውም ሐይቋ የተኛው ጥንት ፈንድቶ በሰመጠ የእሳተ ገሞራ ገበታ ውስጥ ነው፤ በስተ ሰሜን ያለው ኮርቤቲም ገና አልሞተም፣ ሳተላይቶች መሬቱ ሲያብጥ መዝግበዋል። የአገሪቱ የሕንፃ ደንብ ስለ ርዕደ መሬት ራሱን የቻለ ክፍል ካገኘ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። በመናኸሪያ ክፍለ ከተማ ፎቅ የሚያሠራ ሰው ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው የኪራዩን ዋጋ ይመስለኛል።

በጥር 2008 ከተማዋን የነቀነቃት ርዕደ መሬት መጠኑ ከ5 በታች ነበር። ያኔ ከተጎዱት መካከል ከሕንፃ ለመውጣት ሲጋፉ የወደቁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይገኙባቸዋል።