ጧሪዋ ማን ነበረች? የኮሪያ ምራቶች ታሪክ

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣሽ» የሚለውን ምርቃት ሁላችንም እናውቀዋለን። ኮሪያውያን ለዚህ ነገር «ሂዮ» የሚል ቃል አላቸው። ምንጩ ከ2,500 ዓመት ገደማ በፊት በቻይና የኖረው የኮንፊሽየስ ትምህርት ነው፦ ልጅ ወላጁን በሕይወት ሳለ ይጡር፣ ሲሞት በሥርዓት ይቅበር፣ ከዚያም መታሰቢያውን አያቋርጥ ይላል። ከ1392 እስከ 1910 (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኮሪያን የገዛው የጆሰን ሥርወ መንግሥት አገሩን በዚህ ትምህርት አስተዳደረ።

ግዴታው በስም የበኩር ወንድ ልጅ ነበር። አልጋ የምታነጥፈው፣ የምታጎርሰው፣ የምታገላብጠው ግን ምራቲቱ ናት። ከቻይና ከመጡት ሃያ አራት የመልካም ልጆች ታሪኮች አንዱ፣ ጥርስ ያለቀባቸውን አማቷን ጡት እያጠባች ስላኖረች ምራት ይናገራል። የተጻፈው ለምስጋና ነው። እኔ ግን ባሰብኩት ቁጥር፣ ይህች ሴት መቼ ዐረፈች እላለሁ።

ሆስፒታል ሲስፋፋ ግዴታው መልኩን ለወጠ። ጥሩ ልጅ ማለት ወላጁን እስከ መጨረሻው ያሳከመ ሆነ፤ «ይብቃ» ያለ ሰው እንደ ጨካኝ ታየ።

በ1997 በሴኡል አንድ ሰው ወድቆ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሚስቱ ወጪውን አልችልም፣ ወደ ቤት ልውሰደው አለች። ሐኪሞቹ ይሞታል ብለው ቢከለክሏትም በመጨረሻ አስፈርመው ለቀቁት፤ ቤት ሲደርስ መተንፈሻው ተነሣና ሞተ። እሷ በነፍስ ማጥፋት ተፈረደባት። በ2004 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሐኪሞቹንም በአባሪነት ጥፋተኞች አላቸው። በሽተኛው ሊድን ይችል ስለነበር ፍርዱን መንቀፍ ይከብዳል። ግን ሆስፒታሎች ፈሩ፤ ተስፋ የሌለውን ታማሚ እንኳ ከማሽን አናላቅቅም አሉ።

በ2008 አንዲት በሰባዎቹ ዕድሜ ያሉ እናት ራሳቸውን ሳቱ። ልጆቻቸው «እናታችን በማሽን መኖር አይፈልጉም ነበር» ብለው ሆስፒታሉን ከሰሱ። በ2009 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈቀደላቸው። መተንፈሻው ከተነሣ በኋላ እናትየው በራሳቸው እየተነፈሱ ከስድስት ወር በላይ ቆዩ፤ አገሩም ይህን ጉዳይ በሰፊው ተወያየበት።

ሕጉ በ2016 ጸድቆ በ2018 ሥራ ላይ ዋለ። አሁን አዋቂ ሰው ሁሉ ጤነኛ ሳለ ፈቃዱን በጽሑፍ ማስመዝገብ ይችላል። እስከ 2023 መጨረሻ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ፈርመዋል፤ የሚበዙትም ሴቶች ናቸው። ብዙ አዛውንት «ልጆቼን እንዳላስቸግር» ይላሉ። አማት ያስታመመች ሴት ይህን ስትል ከምታውቀው ተነሥታ ይመስለኛል።

ወረቀት ካልተፈረመ፣ ታማሚው ምን ይፈልግ እንደነበር ሁለት የቤተሰብ አባላት ይመሰክራሉ፤ ያም ካልታወቀ የቅርብ ቤተሰቡ ሁሉ መስማማት አለበት። ሕጉ ቤተሰብ የሚላቸውን ይዘረዝራል፦ የትዳር ጓደኛ፣ ልጆችና ወላጆች፣ ከዚያም የልጅ ልጆችና አያቶች፣ እነዚህ ሁሉ ከሌሉ ወንድምና እህት። ምራት በዝርዝሩ የለችም።