የኢትዮጵያ ጦር መካከለኛ ታንክ እንዴት አገኘ?

የጦር ባለሙያ ታንክ ሲመርጥ የመድፉን ጉልበት፣ የብረቱን ውፍረትና ፍጥነቱን ያመዛዝናል። ከጣሊያን ወረራ ለወጣችው ኢትዮጵያ ግን ሁለት ጥያቄዎች ይቀድሙ ነበር፤ ማን ይሰጠናል? መንገዳችንስ ይሸከመዋል?

ሁለተኛው ጥያቄ ለኢሉባቦር ሰው እንግዳ አይደለም። በ1933 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ጄኔራል ጋዜራ ሳዮ (ደምቢዶሎ) ላይ ለቤልጂየም ኮንጎ ጦር እጁን ሲሰጥ፣ በምዕራቡ ግንባር ሚዛኑን የደፉት እግረኛ ወታደር፣ ስንቅና የሞሉ ወንዞች ነበሩ። ከበደሌ መቱ፣ ከመቱ ጎሬ ባለው ዝናብ የማያጣው ቀይ አፈር ላይ 40 ቶን ብረት መንዳት የዚያን ጊዜ የማይታሰብ ነበር።

ከነፃነት በኋላ መንግሥት በ1940 ዓ.ም. ከቼኮስሎቫኪያ 20 ትንንሽ ታንኮች አዘዘ። በ1942 የደረሱት እነዚህ «ኤ ኤች-4» ታንኮች ሁለት ሰው የሚይዙ፣ አራት ቶን ገደማ የሚመዝኑና መትረየስ ብቻ የታጠቁ ነበሩ። መንገዱ ይችላቸዋል፤ ታንክ ግን አይገጥሙም።

ግንቦት 14 ቀን 1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የወታደራዊ እርዳታ ስምምነት ተፈረመ። በእርዳታው 18 ቶን የሚመዝነውና 75 ሚሊ ሜትር መድፍ ያለው ኤም-24፣ በኋላም 23 ቶን ገደማ የሆነው ባለ 76 ሚሊ ሜትሩ ኤም-41 መጡ። ሁለቱም ቀላል ታንኮች ናቸው።

በሌላ በኩል ሶማሊያ ከሶቭየት ኅብረት ቲ-34 እና ቲ-54/55 አገኘች። ቲ-55 ክብደቱ 36 ቶን፣ መድፉ 100 ሚሊ ሜትር ነው። ኤም-41 ከዚህ ጋር ፊት ለፊት መግጠም ይከብደዋል። በ1960ዎቹ ማብቂያ ባለ 105 ሚሊ ሜትሩ ኤም-60 ቢመጣም ቁጥሩ አነስተኛ ነበር።

ከዚያ ምርጫው በፖለቲካ ተወሰነ። በሚያዝያ 1969 ደርግ የአሜሪካን ወታደራዊ ተቋማት ዘጋ። በሐምሌ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ፤ በመስከረም 1970 ጅጅጋን ያዘ። ታንከኛው የለመደውን የቤንዚን ሞተር፣ መለዋወጫና ጥይት ትቶ የሶቭየትን የናፍጣ ታንክ በጦርነት መሐል መማር ግድ ሆነበት። ጅጅጋ የተመለሰችው በየካቲት 1970 መጨረሻ፣ በሶቭየት ትጥቅና በኩባ ወታደሮች እገዛ ነው።

ቲ-55 ከዚያ በኋላ የጦሩ የጀርባ አጥንት ሆኖ ለአሥርት ዓመታት ቆየ፤ ከ2003 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ከዩክሬን የተገዛው ቲ-72 ተጨመረ። ታሪኩ የሚያስተምረው ታንክ ሲመረጥ አቅራቢውም አብሮ እንደሚመረጥ ነው። መድፍ የቱንም ያህል ቢተልቅ፣ መለዋወጫ የሚልከው ወዳጅ ፊቱን ያዞረ ቀን ብረት ብቻ ሆኖ ይቀራል።