የቲማቲም ድቅል ዘር ከየት መጣ?

የዩኒየናችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ ስለ መስኖ አትክልት እንድጽፍ ስጠየቅ ቲማቲምን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በተመደብኩበት ቀበሌ አንድ ታታሪ አባላችን ከድቅል ዝርያ ጥሩ ምርት ካገኙ በኋላ፣ ከዚያው ፍሬ ዘር አውጥተው፣ አጥበውና አድርቀው በተከታዩ ዓመት ዘሩት። ማሳው ዝብርቅርቅ ሆነ። አንዱ ተክል ረዥም፣ ሌላው አጭር፣ ፍሬውም ከፊሉ ክብ፣ ከፊሉ ሞላላ ሆኖ ብዙው በበሽታ ጠወለገ። ጥፋቱ የእሳቸው ሳይሆን የእኔ ነበር፤ አዘራሩን እንጂ ዘሩ ምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ስለዚህ ታሪኩን ከሥሩ ልጀምር።

የቲማቲም የትውልድ አገር ደቡብ አሜሪካ ነው። የዱር ዘመዶቹ ዛሬም በፔሩ፣ በኤኳዶርና በቺሊ ይገኛሉ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስፔናውያን ወደ አውሮፓ ወሰዱት። አበባው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል በመሆኑና ገበሬውም በየዘመኑ ከጥቂት ፍሬዎች ብቻ ዘር ስለያዘ፣ የዝርያው ስብጥር እየጠበበ፣ በሽታን የመቋቋም አቅሙም እየሳሳ መጣ።

ተመራማሪዎች መፍትሔውን ያገኙት ወደ ዱሩ በመመለስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 በአሜሪካ የወጣው ፓን አሜሪካ የተባለው ዝርያ ፉዛሪየም የተባለውን አጠውላጊ በሽታ የመቋቋም ባሕርይ ያገኘው ከፔሩ የዱር ቲማቲም ነበር። ቻርልስ ሪክ የተባሉት የካሊፎርኒያ ሊቅ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ የዱር ቲማቲም ሲሰበስቡ ኖረዋል። ከጋላፓጎስ ደሴቶች ያመጡት ዘር አልበቅል ቢላቸው ለዔሊ አበሉት። በዔሊዋ ሆድ ያለፈው ዘር በቀለ! ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1961 አሳትመውታል። ከዚያ የደሴት ዘመድ የተገኘው ባሕርይ ፍሬው ያለ አንጓ ከግንዱ በቀላሉ እንዲላቀቅ ስለሚያደርግ ለፋብሪካ ቲማቲም ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል።

ድቅል ዘር ግን ከዚህ ይለያል። ጆርጅ ሸል የተባሉት ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1908 በበቆሎ ላይ እንዳሳዩት፣ ሁለት የጸኑ መስመሮች ሲዳቀሉ የመጀመሪያው ትውልድ ከሁለቱም ወላጆቹ የሚበልጥ ጉልበት ይኖረዋል። በቲማቲም ስመ ጥር የሆነው ቢግ ቦይ የተባለው ድቅል በኦቬድ ሺፍሪስ ተዳቅሎ እ.ኤ.አ. በ1949 ለገበያ ቀረበ። ሥራው አድካሚ ነው። አበባው ሳይከፈት በፊት የወንዴው ክፍል በወረንጦ ይነቀላል፤ ከአባትዬው የተሰበሰበው ዱቄት በእጅ ይቀባል፤ ይህም በአበባ በአበባ ነው። ዘሩ የሚወደደው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

የአባላችን ማሳ የተበላሸበትም ምሥጢር እዚሁ ላይ ነው። በመጀመሪያው ትውልድ ሁሉም ተክል ተመሳሳይ ነው። ከእሱ በተወሰደው ዘር ግን የአያቶቹ ባሕርይ ተበታትኖ ይወጣል። ምርቱም የበሽታ መከላከያውም አብሮ ይበተናል።

በአገራችን የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል መልካ ሾላንና መልካ ሳልሳን በ1990 ዓ.ም. ለቋል። ሁለቱም ድቅል ባለመሆናቸው ገበሬው ከጤነኛ ተክል መርጦ ዘራቸውን መያዝ ይችላል። የኋለኛው ስሙ ራሱ ለምን እንደታሰበ ይናገራል። በኋላ ከእስራኤል የመጡት ጋሊሊያና ሻንቲ የተባሉት ድቅሎች ገበያውን ያዙ፤ ፍሬያቸው ጠንካራና ማጓጓዣን የሚችል በመሆኑ ነጋዴው ይመርጣቸዋል። ነገር ግን ዘሩ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው፤ በችግኝ ወቅት ሲጠፋ ወይም ዋጋው ሲሰቀል የሚጎዳው አርሶ አደሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 አገራችን የገባው ቱታ አብሶሉታ የተባለው ተባይ ደግሞ ድቅልም ነባርም አይለይም። በእኔ እምነት ዩኒየኑ የድቅል ዘር በጅምላ መግዛቱን ሳያቆም፣ ዘራቸው የሚጸናውን ዝርያዎች በአባላት ማሳ ማባዛት ቢጀምር ይሻላል።

እኒያ አባላችን ዛሬ ግማሹን ማሳ በድቅል፣ ግማሹን በመልካ ሾላ ይሸፍናሉ። ዘር ሊገዙ ሲሄዱ መጀመሪያ የሚጠይቁት ዋጋውን አይደለም፤ «ልጄ፣ ይሄ ለከርሞ ይያዛል ወይስ አይያዝም?» ይላሉ።